ሕመምን የሚለካ ጥያቄ፦ በስፓኒሽ የተጻፉ የዳሌ ወለል መጠይቆች ተነባቢነት

የዳሌ ወለል የሚባለው ከፊት ከብልት አጥንት ተነሥቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት የሚዘረጋ፣ በጡንቻና በጅማት የተሠራ የሰውነት ክፍል ሲሆን፣ የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ከታች ደግፎ ይይዛል፤ ሽንትና ሰገራም ባለቤቱ በፈቀደ ጊዜ ብቻ እንዲወጡ ያደርጋል። ይህ ክፍል በእርግዝናና በምጥ፣ በዕድሜ መግፋት፣ ከልክ ባለፈ ውፍረት፣ ለዓመታት በቆየ ሳል ወይም የሆድ ድርቀት፣ እንዲሁም ከባድ ሸክም በማንሣት ሲዳከም ሦስት ዋና ዋና ችግሮች ይከተላሉ፤ እነርሱም የሽንት ማምለጥ፣ የሰገራ ማምለጥ፣ እና ማህፀን ወይም የሽንት ፊኛ ወይም አንጀት ከቦታው ወርዶ ወደ ብልት መግፋት ናቸው። በአሜሪካ በ2005 እና በ2006 በተካሄደ አገር አቀፍ የጤና ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ2008 የታተመ ሥራ እንዳሳየው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ነፍሰ ጡር ካልሆኑ አዋቂ ሴቶች 23.7 በመቶዎቹ ከእነዚህ ችግሮች ቢያንስ አንዱ ነበረባቸው፤ ሽንት የሚያመልጣቸው 15.7 በመቶ፣ ሰገራ የሚያመልጣቸው 9.0 በመቶ፣ በብልታቸው በኩል እብጠት መሰል ነገር ወጥቶ የሚታያቸው ወይም የሚሰማቸው ደግሞ 2.9 በመቶ ነበሩ።

እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ሴቶቹ ተጠይቀው በሰጡት መልስ እንጂ በምርመራ አልጋ ላይ በተደረገ መለኪያ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሐኪም ማህፀን ምን ያህል ሴንቲሜትር እንደ ወረደ በምርመራ ሊለካ፣ ታካሚዋን አስስሎ ሽንት ማምለጡን በዓይኑ ሊያይ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በወር ስንት ጊዜ እንደሚያመልጣት፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከሥራ አስቀርቷት እንደ ሆነ፣ ከባለቤቷ ጋር ያላትን ኑሮ ነክቶባት እንደ ሆነ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። አንዲት ሴት በምርመራ የሚታይ ግልጽ መውረድ ኖሮባት ምንም ሳያስቸግራት ልትኖር፣ ሌላይቱ ደግሞ በምርመራ እምብዛም በማይታይ ጉድለት ከሰው ተገልላ ልትቀመጥ ትችላለች። በዚህ ምክንያት በዚህ የሕክምና ዘርፍ የጽሑፍ መጠይቅ የሕክምናው ዋና መሣሪያ ሆኗል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደ ሆነ የሚወሰነው፣ የተሰጠው ሕክምና መርዳት አለመርዳቱ የሚለየው፣ አዲስ ዘዴ ከአሮጌው የሚነጻጸረው በአብዛኛው ታካሚዋ ወረቀት ላይ ባሰፈረችው መልስ ነው።

ከመጠይቆቹ ሁሉ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ፒኤፍዲአይ-20 የሚባለው፣ የዳሌ ወለል ችግር የሚያደርሰውን ጭንቀት የሚለካ ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ ነው። ማቲው ባርበር የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2001 ያወጡትን ረጅም መጠይቅ በ2005 አሳጥረው ያቀረቡት ሲሆን፣ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ስድስት ጥያቄዎች ስለ ማህፀንና ስለ አጎራባች ክፍሎች መውረድ፣ ስምንት ጥያቄዎች ስለ አንጀትና ስለ ሰገራ፣ ስድስት ጥያቄዎች ስለ ሽንት ይጠይቃሉ። አብሮት የሚሄደው ፒኤፍአይኪው-7 ችግሩ በዕለት ኑሮ ላይ የሚያሳድረውን ጫና በሰባት ጥያቄ የሚለካ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ስለ ሽንት፣ ስለ አንጀትና ስለ ብልት ለየብቻው በሠንጠረዥ መልስ ስለሚፈልግ በእውነቱ 21 መልሶች ይጠየቁበታል። አይሲአይኪው የሚባለው አጭር የሽንት መጠይቅ ደግሞ የማምለጡን ድግግሞሽ ከ0 እስከ 5፣ መጠኑን ከ0 እስከ 6፣ በኑሮ ላይ ያለውን ጫና ከ0 እስከ 10 አስመዝኖ በድምሩ ከ21 ነጥብ ያወጣል፤ የስፓኒሽ ቅጂው በ2004 በስፔን ተፈትኖ ታትሟል። ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ስለ ሰገራ ማምለጥ፣ ስለ ፊኛ መቻኮል የሚጠይቁ ሌሎችም በርካታ አሉ፤ አብዛኞቹ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተጽፈው ኋላ ወደ ስፓኒሽ የተመለሱ ናቸው።

የአንድ ቃል አለመግባት በእንዲህ ያለ ቅጽ ላይ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመረዳት የነጥብ አሰጣጡን ማየት ያስፈልጋል። በፒኤፍዲአይ-20 ታካሚዋ በመጀመሪያ ምልክቱ አለባት ወይስ የለባትም ተብላ ትጠየቃለች፤ ከሌለባት 0 ይመዘገባል፣ ካለባት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስቸግራት ከ1 እስከ 4 ትመርጣለች። የእያንዳንዱ ክፍል መልሶች አማካይ በ25 ተባዝቶ ከ0 እስከ 100 ያለ ነጥብ ይሰጣል፤ የሦስቱ ክፍሎች ድምር ከ300 ይታሰባል። ስድስት ጥያቄ ባለው የሽንት ክፍል አንዲት ሴት ጥያቄው ስላልገባት ብቻ በ4 ፈንታ 0 ብትመልስ፣ የክፍሉ ነጥብ በአንድ ጊዜ 16.7 ያህል ይወርዳል፤ ሦስት ጥያቄዎች ላይ እንዲሁ ቢደርስባት ከ300ው 50 ነጥብ ያለ ምክንያት ይጠፋል። ባርበርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በሕክምና ምክንያት ታካሚዋ የሚታወቅ መሻሻል አግኝታለች ለማለት የሚያስፈልገውን ትንሹን ለውጥ በ45 ነጥብ ወስነውታል። እንግዲህ የሦስት ጥያቄዎች አለመግባት አንድ የተሳካ ቀዶ ሕክምና ከሚያመጣው ለውጥ ጋር የሚስተካከል የሐሰት ለውጥ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ባዶ የተተዉ ጥያቄዎችም ችግሩን አያቀሉትም፤ አሠራሩ የተመለሱትን ብቻ ወስዶ አማካይ ስለሚያወጣ፣ ሴትዮዋ ስላልገባት የዘለለችው ጥያቄ ሌሎቹን እንደ መለሰችው ተደርጎ ይቆጠራል፣ ወረቀቱም የተሟላ ይመስላል።

ይህ ጉዳይ በተለይ በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ የሚነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ ሰዎች ከ40 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገልሉ ስለሚከለክል፣ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ በደንብ ለማያውቅ ታካሚ በሚገባው ቋንቋ የማገልገል ግዴታ አለባቸው። በስፓኒሽ የተጻፈ ወረቀት ማቅረብ ግን ግዴታውን በወረቀት ላይ ብቻ መፈጸም ሊሆን ይችላል። በሜክሲኮ ለምሳሌ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስድስት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሦስት ዓመት ትምህርት ግዴታ የሆነው ገና በ1993 ነው። ማህፀን መውረድ በብዛት የሚታይበት ዕድሜ ላይ ያሉት የዛሬዎቹ አሮጊቶች ልጆች በነበሩበት ዘመን ሕጉ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አይጠይቅም ነበር፤ የገጠር ሴት ልጆች ደግሞ ያንኑ እንኳ ሳይጨርሱ ለሥራና ለትዳር የሚወጡበት ጊዜ ነበር። ከጓቲማላና ከሜክሲኮዋ የኦዋሃካ ግዛት ከመጡት መካከል አፋቸውን የፈቱት በማም፣ በኪቼ፣ በሚክስቴክ ወይም በሳፖቴክ ቋንቋ ሆኖ ስፓኒሽን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማሩ አሉ። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር ለታካሚ የሚሰጥ ጽሑፍ ከስድስተኛ ክፍል ደረጃ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለእነዚህ ሴቶች ግን ስድስተኛ ክፍል የትምህርት ቤት ሕይወታቸው ጣሪያ እንጂ መነሻ አይደለም።

የአንድ ጽሑፍ የክፍል ደረጃ የሚገመትበት ዘዴ የተነባቢነት ቀመር ይባላል። ተነባቢነት ማለት ጽሑፉ በቃላቱና በዓረፍተ ነገሮቹ አሠራር ምክንያት ለአንባቢ ምን ያህል እንደሚቀል ወይም እንደሚከብድ የሚያሳይ ባሕርይ ነው። በቪየና ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ሩዶልፍ ፍሌሽ በ1948 ያወጣው ቀመር ሁለት ነገሮችን ብቻ ይቆጥራል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማካይ ስንት ቃል እንዳለውና አንድ ቃል በአማካይ ስንት ቀለም፣ ማለትም በአንድ የድምፅ ምት የሚነገር የቃል ቁራጭ፣ እንዳለው። ውጤቱ ወደ 100 ሲቀርብ ጽሑፉ ቀላል፣ ወደ 0 ሲወርድ ከባድ ነው። በዚያው በ1948 አርኖልድ ኬግል የተባሉት ሐኪም የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያጠነክረውን፣ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን እንቅስቃሴ አሳትመው ነበር፤ ሁለቱ ሥራዎች በታካሚ መጠይቅ ላይ እስኪገናኙ ድረስ ግን አሥርተ ዓመታት ማለፍ ነበረባቸው።

የፍሌሽን ቀመር እንዳለ ወስዶ ስፓኒሽን መለካት ትልቅ ስህተት ነው፤ የስፓኒሽ ቃላት በባሕርያቸው ከእንግሊዝኛ ቃላት የበለጡ ቀለማት ስላሏቸው ቀላሉም ጽሑፍ ከባድ ሆኖ ይወጣል። «ሴ ሌ ሳሌ ላ ኦሪና ኩዋንዶ ቶሴ» የሚለውን፣ «ሲያስልዎት ሽንት ያመልጥዎታል?» የሚል ትርጉም ያለውን ጥያቄ ለማሳያ ያህል መውሰድ ይቻላል። ጥያቄው 7 ቃላትና 12 ቀለማት አሉት፤ በእንግሊዝኛው ቀመር ሲሰላ 54.7 ይወጣና «ከበድ ያለ» ከሚባለው እርከን፣ ማለትም ከከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዘንድ ይመደባል፤ ጥያቄውን ግን ማንኛዋም ስፓኒሽ ተናጋሪ እናት ሳትቸገር ትረዳዋለች። ይህን ጉድለት ለማረም ሆሴ ፈርናንዴዝ ኡዌርታ በ1959 በስፔን የፍሌሽን ቀመር ለስፓኒሽ አስተካከለ፤ በኋላም ፍራንሲስኮ ሲግሪስት ፓሶስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀለማቱን ማባዣ ከ84.6 ወደ 62.3 ያወረደ አዲስ ቀመር አቀረበ። ያው ጥያቄ በሲግሪስት ፓሶስ ቀመር ሲሰላ 93 ያገኛል። በ2008 ኢኔስ ባሪዮ ካንታሌሆና ባልደረቦቻቸው ለዚሁ ቀመር ኢንፍሌስ የሚባል መለኪያ አወጡለት፤ በዚህ መሠረት ከ40 በታች በጣም ከባድ፣ ከ40 እስከ 55 ከበድ ያለ፣ ከ55 እስከ 65 መካከለኛ፣ ከ65 እስከ 80 ቀለል ያለ፣ ከ80 በላይ በጣም ቀላል ነው። ስሞግ የተባለው ሌላው የእንግሊዝኛ ዘዴም በ1999 ሶል በሚል ስም ለስፓኒሽ ተስማምቷል። ቀመሮቹ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲቀዱ የሚበላሹበት ጊዜም አለ፤ የፈርናንዴዝ ኡዌርታ ቀመር በብዙ ቦታ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉትን ቃላት ቁጥር ሳይሆን በመቶ ቃል ውስጥ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች ቁጥር እንዲቀንስ ተደርጎ ስለሚጻፍ፣ እንዲህ የተጠቀመበት ሰው ዓረፍተ ነገርን ባሳጠረ ቁጥር ጽሑፉ ከበደ የሚል የተገለበጠ ውጤት ያገኛል።

ያንኑ የሽንት ማምለጥ ጉዳይ በሌላ መንገድ መጠየቅም ይቻላል፦ «ኤክስፔሪሜንታ ኡስቴድ አቢትዋልሜንቴ ኢንኮንቲኔንሲያ ኡሪናሪያ አሶሲያዳ ኮን አክቲቢዳዴስ ፊሲካስ»፤ ይህም «ከአካላዊ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ሽንትን ያለመቆጣጠር ሁኔታ በመደበኛነት ያጋጥምዎታል?» እንደ ማለት ነው። ጥያቄው 9 ቃላት ብቻ ስላሉት ከመጀመሪያው ብዙም አይረዝምም፤ ቀለማቱ ግን 34 ናቸውና በሲግሪስት ፓሶስ ቀመር ውጤቱ ከዜሮ በታች ወርዶ 37.5 ተቀናሽ ይሆናል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቀመር መሥራት ለማሳያ እንጂ ለፍርድ አይበቃም፤ ሆኖም የሁለቱ አጠያየቅ ርቀት የሐኪም ቤት ቋንቋ ከቤት ቋንቋ ምን ያህል እንደሚርቅ በቁጥር ያሳያል። የዚህ ዓይነት ከባድ ጥያቄ ጸሐፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሙያ ባልደረባው ሲጽፍ የለመደውን ቃል ለታካሚዋም መጠቀሙ ነው፣ አክብሮትም ይመስለዋል። ለአንባቢዋ ግን አክብሮቱ የሚታወቀው ጥያቄው ሲገባት ነው።

ቀመሮቹ የማያዩት ነገር ብዙ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት። አንደኛ ነገር የተሠሩት ለተከታታይ ጽሑፍ ነው፤ ስሞግ እንዲያውም ቢያንስ 30 ዓረፍተ ነገሮች ይፈልጋል፣ አይሲአይኪው ያህል አጭር የሆነ መጠይቅ ግን ያንን ያህል የለውም። መጠይቅ በጥያቄ፣ በመመሪያ፣ «በፍጹም»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ» በሚሉ ቁርጥራጭ ምርጫዎች የተሞላ ስለ ሆነ፣ ምርጫዎቹ እንደ ዓረፍተ ነገር ከተቆጠሩ ውጤቱ ያለ አግባብ ይቀላል፣ ካልተቆጠሩ ደግሞ የሚለካው ጽሑፍ ያንሳል፤ ሁለት ተመራማሪዎች አንዱን ቅጽ ለክተው የተለያየ ደረጃ የሚያገኙት አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ የሠንጠረዥ ችግር በቀመር አይታይም። የፒኤፍአይኪው-7 ቃላት ቢቀልሉ እንኳ፣ ሰባት ረድፍና ሦስት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ የትኛው ሳጥን የየትኛው ጥያቄ እንደ ሆነ መከተል ቅጽ መሙላት ላልለመደች ሴት ከማንበቡ የሚብስ ሥራ ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ የቃል ርዝመት የቃልን ትውውቅ አይናገርም። ሜዲካሜንቶ፣ ማለትም መድኃኒት፣ አምስት ቀለማት ቢኖሩትም የማያውቀው ስፓኒሽ ተናጋሪ የለም፤ ቴኔስሞ ግን፣ ሰገራ ሳይኖር አንጀት ሲያስምጥ የሚሰማውን ስሜት የሚገልጸው የሐኪሞች ቃል፣ ሦስት ቀለማት ብቻ ስላሉት በቀመሩ ዘንድ ቀላል ሆኖ ያልፋል። ቀመር ጽሑፉ ከባድ ነው ሲል ሊታመን ይገባል፤ ቀላል ነው ሲል ግን ገና ማጣራት ይቀራል።

ቃላትን በተመለከተ ስፓኒሽ ሌላም ፈተና አለው፤ ከሃያ በላይ አገሮች የሚናገሩት ቋንቋ በመሆኑ ስለ ገላ የሚነገረው ንግግር ከአገር አገር ይለያያል። የዳሌ ወለል ራሱ በስፔን ሱዌሎ ፔልቪኮ፣ በአብዛኛው የላቲን አሜሪካ ፒሶ ፔልቪኮ ይባላል። ወደ ብልት የሚገፋውን እብጠት መሰል ነገር ለመግለጽ በመጠይቆች ውስጥ የሚገባው ቡልቶ የሚለው ቃል በፖርቶ ሪኮና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተማሪ ቦርሳም ይባልበታል። ሰገራ መውጣትን መጽሐፉ ዴፌካር ወይም ኤባኩዋር ሲለው፣ የሜክሲኮ ገጠር ሴት ኦብራር ወይም ኣሴር ዴል ባኞ ትለዋለች። ማህፀን መውረድን ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው ማትሪስ ካይዳ፣ የፊኛን መውረድ ቤኺጋ ካይዳ፣ ማለትም የወደቀ ማህፀንና የወደቀ ፊኛ ይሉታል፤ ከሐኪሙ ፕሮላፕሶ ይልቅ ይህ አጠራር ነገሩን በቀጥታ ያስረዳል።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይፈታ ግጭት አለ። የትርጉም ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ቅጂ ከማዘጋጀት ይልቅ ሁሉም የሚረዱት «ሁለንተናዊ ስፓኒሽ» የሚባል አንድ ቅጂ ለማዘጋጀት ይሞክራሉ፤ አንድ ጥናት በቴክሳስ ከሜክሲኮ፣ በኒው ዮርክ ከፖርቶ ሪኮ፣ በማያሚ ከኩባ የመጡ ሴቶችን በአንድ ሚዛን እንዲለካ ከተፈለገ ቅጂው አንድ መሆኑ ይጠቅማል። ነገር ግን በሁሉም አገር አንድ ዓይነት የሆኑት ቃላት ከላቲን የተወረሱት የመጽሐፍ ቃላት ናቸው፤ የወጥ ቤትና የመንደር ቃላት ይለያያሉ። ስለዚህ ቅጂው ሁለንተናዊ በሆነ ቁጥር ወደ ተማሩት ቋንቋ ይጠጋል፣ ካልተማሩት ይርቃል። የተሻለው መንገድ ሁለት የታወቁ አጠራሮችን ጎን ለጎን ማስፈር ይመስላል፤ ጥያቄው ጥቂት ቃላት ይጨምርና የቀመር ውጤቱ በትንሹ ይወርድ ይሆናል፣ የሚረዱት ሴቶች ግን ይበዛሉ።

የትርጉሙ ሥርዓት ራሱም ወደ ከባዱ ቋንቋ ይገፋል። በተለመደው አሠራር ሁለት ተርጓሚዎች ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ ይመልሳሉ፣ ትርጉሞቹ ይታረቃሉ፣ ከዚያም ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ስፓኒሹን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይተረጉማል፤ ተመልሶ የመጣው ከመነሻው ጋር ከተገጣጠመ ሥራው ጥሩ ነው ይባላል። ይህ ማጣሪያ ትርጉምን ከመሳት ይጠብቃል፤ ግን ለቃል በቃል ትርጉም ይሸልማል። ኢንኮንቲኔንሲያ ኡሪናሪያ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ያለ እንከን ይገጥማል፤ «ሽንት ያመልጥዎታል?» የሚለው የእናቶች አነጋገር ግን ሲመለስ ቃሉ ይለወጣል፣ ገምጋሚውም እንደ ስህተት ሊያየው ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው የስታቲስቲክስ ፍተሻ ደግሞ ተገቢነትንና አስተማማኝነትን፣ ማለትም መጠይቁ የታሰበለትን ነገር መለካቱንና ደጋግሞ ሲሞላ ተቀራራቢ ውጤት መስጠቱን ይመረምራል። ፍተሻው የሚደረገው ግን ቅጹን ሞልተው በመለሱ ሴቶች ላይ ነው፤ ማንበብ የማይችሉት ከመጀመሪያው ከጥናቱ ውጪ ስለሚቀሩ፣ ቅጂው «ተፈትኖ የጸደቀ» የሚል ስም ሲሰጠው የጸደቀው ለሚያነቡት ብቻ መሆኑ ይረሳል።

ማንበብ የሚለው ቃልም በስፓኒሽ ረገድ ማብራሪያ ይሻል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን የጤና ንባብ ችሎታ ለመለካት ከሚያገለግሉት ፈተናዎች አንዱ 66 የሕክምና ቃላትን ጮክ ብለው እንዲያነቡ ያደርጋል፤ በእንግሊዝኛ የቃል አጻጻፍና አነባበብ ስለሚራራቁ ቃሉን በትክክል የሚጠራው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰው ነው። ዘዴው ወደ ስፓኒሽ ሲወሰድ ግን አልሠራም፤ ስፓኒሽ እንደ ተጻፈ የሚነበብ ቋንቋ ስለ ሆነ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የማያውቀውንም ቃል አስተካክሎ ይጠራል። በ2006 የቀረበው ሳልሳ የተባለው ባለ 50 ቃላት የስፓኒሽ ፈተና ስለዚህ ከማንበቡ ጋር የቃሉን ፍቺ መረዳትንም ይመረምራል፤ ተፈታኙ ለእያንዳንዱ ቃል ከሁለት ሌሎች ቃላት በትርጉም የሚቀርበውን ይመርጣል። ይህ ነገር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ፊደል የለየ ሰው ያልገባውንም ጽሑፍ ሳይደናቀፍ ማንበብ ይችላልና። በክሊኒክ ውስጥ አንዲት ሴት መጠይቁን በጥሩ ድምፅ ስታነብ የሰማ ነርስ ገብቷታል ብሎ ቢያልፍ፣ በስፓኒሽም በአማርኛም ይሳሳታል።

ችግሩን ከሌሎች የሕክምና ጽሑፎች የሚለየው ኀፍረት ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት ቅጽ ያልገባት እናት ልጇን «አንብቢልኝ» ብትል ብዙ አትጎዳም። ስለ ሰገራ ማምለጥ፣ ስለ ብልት፣ በግንኙነት ጊዜ ስለሚሰማ ሕመም የሚጠይቅ ወረቀት ግን በልጅ ወይም በባል አፍ ሲነበብ መልሱ ይለወጣል፤ ብዙዋ ሴት «የለብኝም» ብላ ታልፋለች። የጽሑፍ መጠይቅ ዋና ጥቅሙ ታካሚዋ ከራሷ ጋር ብቻ ሆና መመለሷ ነበር፤ ቅጹ የማይነበብ ሲሆን ይህን ጥቅም የምታጣው በጣም የምትፈልገው ሴት ናት። ከዚያም በወረቀቱ ላይ ችግሯ ቀላል ሆኖ ይታያል፣ ሐኪሙም ወደ ቀጣይዋ ታካሚ ያልፋል። ጡንቻን በማጠንከር ልምምድ፣ ከብልት ውስጥ ተቀምጦ የወረደውን በሚደግፍ ቀለበት ወይም በቀዶ ሕክምና ሊረዱ የሚችሉ ሴቶች ለዓመታት ሳይታከሙ የሚቀሩበት አንዱ በር ይህ ነው።

ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው፣ ዋጋውም ከአንድ ጥናት ዋጋ አንጻር ጥቂት ነው። የቀመር ውጤት በትርጉሙ ሥራ መጀመሪያ ላይ መሰላት አለበት፤ ቅጂው ከታተመና በብዙ ሆስፒታሎች ከተሠራበት በኋላ አንድ ቃል መለወጥ የቀድሞውን መረጃ ከአዲሱ ጋር ለማነጻጸር ያስቸግራልና። ቀጥሎ የግንዛቤ ቃለ መጠይቅ የሚባለው ዘዴ ይመጣል፤ ታካሚዋ ጥያቄውን ካነበበች በኋላ በራሷ አነጋገር መልሳ እንድትናገረው ትጠየቃለች፣ ከመልሷም የገባትና ያልገባት ይለያል። ለዚህ የሚመረጡት ሴቶች አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ያቋረጡትን ማካተት አለባቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን ጠይቆ «ሁሉም ተረድተውታል» ማለት ሥራውን አለመሥራት ነው። ቅጹን በሚደመጥ ድምፅና በሥዕል ማቅረብም ይቻላል፤ በጆሮ ማዳመጫ በራሷ ቋንቋ ጥያቄውን የምትሰማ ሴት ሰው ሳያነብላት ምሥጢሯን ጠብቃ ልትመልስ ትችላለች።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይነካል። የማህፀን መውረድ ምልክቶችን በሰባት ጥያቄ ከ0 እስከ 28 የሚለካው መጠይቅና በኑሮ ላይ ያለውን ጫና የሚለካው ሌላ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተተርጉመው የፍተሻ ውጤታቸው በ2019 ታትሟል፤ ፒኤፍዲአይ-20 እና ፒኤፍአይኪው-7 ደግሞ ወደ ትግርኛ ተመልሰዋል። አማርኛም በአንድ ቃል ላይ ብዙ ቅጥያዎችን ስለሚደራርብ የእንግሊዝኛ ቀመር ያለ ለውጥ ሊለካው አይችልም፤ የስፓኒሽ ምሁራን ከ1959 ጀምሮ ያደረጉት ለራስ ቋንቋ የሚሆን መለኪያ የማበጀት ሥራ የአማርኛ ቋንቋ ምሁራንንና ሐኪሞችን በአንድ ላይ ይጠብቃል። እስከዚያው ድረስ በዋሺንግተን፣ በአትላንታ ወይም በሲያትል እናቱን ወደ ክሊኒክ የሚያደርስ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያውቅ ያስፈልጋል፦ በአሜሪካ ሕግ ሆስፒታሉ ለታካሚዋ ብቃት ያለው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን እንዲያስተረጉም ማድረግም አይፈቀድለትም። ስለ ሽንት፣ ስለ ሰገራና ስለ ማህፀን የሚጠይቅ ወረቀት ሲሰጣት እናት አስተርጓሚ ትጠይቅ፤ ልጆቿም ከክፍሉ ወጥተው ይጠብቋት።